የአማረች ትእዛዝ የሚጠፋበትን ፍለጋ ከሆሳዕና እስከ የካ

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሆሳዕና ባለው የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅታችን ቅርንጫፍ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። የኮምፒውተር ተጠሪ ያደረገኝ ድሮ የወሰድኩት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። ከሥልጠናው የቀረኝ ጥበብ አንድ ብቻ ነው፦ አጥፍቶ ማብራት። አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ ቅርንጫፉ ውስጥ እንደ ሊቅ ነው የምታየው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቅርንጫፍ ተቀምጣችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ነገር ሲዞር "አዲስ አበባ ያሉት ምን እየሠሩ ነው?" እያላችሁ ለምትራገሙ ሰዎች ነው። ሄጄ አየሁት። ምን እየሠሩ እንደሆነም አወቅሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

የሄድኩት በአማረች ምክንያት ነው። አማረች የቅርንጫፋችን የትእዛዝ ሠራተኛ ናት። ፋርማሲዎችና ጤና ጣቢያዎች የጎደላቸውን ይነግሯታል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ አስገብታ ትልካለች፣ ሲ.ኤም.ሲ ያለው ትልቁ መጋዘን በዚያ መሠረት መኪና ይጭናል። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ግን ከሰዓት በኋላ የምትልከው ትእዛዝ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ጭራሽ አይደርስም። ዋናው መሥሪያ ቤት በሥራ ቸልተኝነት ብሎ የጻፈላት ማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከረመ። በጥቅምት ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ጉዳይዋን ያያል ተባለ። ከሥራ ሊያስወጣት የሚችል ኮሚቴ ነው። ስለ እሷ የሚናገር አንድ ሰው ከቅርንጫፉ መምጣት ይችላል ሲሉ ሥራ አስኪያጃችን እኔን መረጠ። ሁለት ነገር በአንድ የትራንስፖርት ወጪ፤ ተናጋሪም ነኝ፣ ሊቅም ነኝ።

አማረች እሁድ ከሰዓት ቤቴ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ እኔ በየቀኑ እልካለሁ። የት እንደሚጠፋ ብቻ አይተህ ንገራቸው።"

ሳላይ አልመለስም አልኳት። ደረቴን ጭምር መታሁ።

ሰኞ

ከሆሳዕና ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ መስኮቱ ግን ለመከፈት እንጂ ለመዘጋት የተሠራ አልነበረም። ወራቤ ስንደርስ ግራ ጆሮዬ የእኔ አልመስል አለኝ። ቡታጅራ ላይ ሹፌሩ "ሃያ ደቂቃ ብቻ!" ብሎ ወረደና ክትፎ ቤት ገባ። ክትፎ በሃያ ደቂቃ በልቶ የሚነሳ ሰው ቡታጅራ ተፈልጎ አይገኝም፤ ከሰዓት በላይ ቆየን። እኔም ፍርፍር በላሁ፣ ደግሜ ሻይ ጠጣሁ፣ ጆሮዬ ተመለሰልኝ።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ መገናኛ ለመድረስ የፈጀብኝ ጊዜ ከቡታጅራ አዲስ አበባ ከፈጀው ብዙም አያንስም። እኛ ጋ ባጃጅ ትጠራለህ፣ ልጁ እናትህን ያውቃል፣ በርህ ላይ ያወርድሃል። እዚህ ሰልፍ ነው። አንዱን ረጅም ሰልፍ ተሰልፌ ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው የኮተቤ መሆኑን አወቅሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴት አዘነችልኝና እጄን ይዛ ወደ ትክክለኛው ሰልፍ ወሰደችኝ። ጭራው ላይ።

ማረፊያዬ የባለቤቴ እህት ታደለች ቤት ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት፣ አሮጌ የጭቃ ቤቶችና ባሕር ዛፍ ባሉበት ሰፈር ትኖራለች። በስልክ፣ "ዳቦ ቤቱን ስታልፍ ቅያሱ ውስጥ ግባና ደውልልኝ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን በዳቦ ቤት የሚመራ ሰው ነኝ? "የቤት ቁጥር ስጪኝ፣ እኔ የሲስተም ሰው ነኝ" አልኳት። ሰጠችኝ፤ 318።

318ን አገኘሁት። በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል። አንኳኳሁ። አንዲት ነጠላ የደረቡ ትልቅ ሴት ከፈቱና፣ "መጡ? ስጠብቅዎ ነው የዋልኩት" አሉኝ። የታደለች አማት መሆን አለባቸው ብዬ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አልኩ። ደነገጡ፣ ግን ደስ አላቸው። ከእናቴ ቤት የተላከውን ቡላና ቅቤ አስረከብኩ። አሁንም ደነገጡ፣ በጣምም ደስ አላቸው። ከዚያ ከጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ወስደው አሳዩኝና ሕጉን ነገሩኝ፦ በር ከሦስት ሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ ልብስ ማጠቢያው በተራ ነው፣ ሴት ማምጣት ክልክል ነው። አዲስ አበባ እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት ብዬ ገረመኝ፤ ቢሆንም የሰው ቤት ነው።

"የመጨረሻውን ባለቤቴም ትደግፈዋለች" አልኳቸው።

ሻይ እየጠጣሁ ታደለች ደወለች። የት ደረስክ አለችኝ። ቤትሽ ቁጭ ብያለሁ አልኳት። እሷ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ እንደነበረ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌዎቹ ሲዋሃዱ አንዳንዱ ቤት አዲስ ቁጥር ወሰደ፣ አንዳንዱ አሮጌውን እንደያዘ ቀረ። የወይዘሮ የሺ ቤት በአሮጌው 318 ነው፣ የታደለች በአዲሱ 318። መሐላቸው አንድ ቅያስ ብቻ ነው። ወይዘሮ የሺ ሲጠብቁ የዋሉት ክፍሏን ሊከራይ የሚመጣ ሰው ነበር። ጉልበት ስሞ ቅቤ የሚያስረክብ ተከራይ በሕይወታቸው አይተው ስለማያውቁ፣ "ልመልሰው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ" አሉ እየሳቁ። ግማሹን ቅቤ በግድ አስቀረሁላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ግማሽ ድፎ ዳቦ በግድ አስያዙኝ። እስከ በር ሲሸኙኝ፣ ይሄ ዘወትር ያለ ነው፣ መልእክተኛው 318 ብሎ ሲጣራ ቀድሞ አቤት ያለው ይቀበላል፣ የታደለችን ወረቀት ስንቴ እኔ ወስጃለሁ አሉኝ። ታደለች እስከ ሐሙስ ድረስ "የሲስተሙ ሰው" እያለች ጠራችኝ።

ማክሰኞ

ዋናው መሥሪያ ቤታችን መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። ዘበኛው መታወቂያዬን ተቀብሎ አንገቴ ላይ "እንግዳ" የሚል ካርድ አንጠለጠለብኝ። በዚህ ድርጅት ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ፤ እንግዳ ተባልኩ።

የተመደበችልኝ የኔትወርክ ኢንጂነሯ ሰላም ናት። ከታላቋ ልጄ ብዙ አትበልጥም። ስትናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ፊቴን ስታይ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። ሰርቨር ክፍል አስገባችኝ። ጉድ ነው! ከእንጦጦ ይበርዳል። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ቀን ከሌት ማቀዝቀዣ ይሠራል። እኛ ጋ ያችው ብልጭ ድርግም የምትል ሳጥን የጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጣለች፣ የእኔም ኮፍያ እሷ ላይ ነው የሚሰቀለው። ይህን ለሰላም ነገርኳት። አልሳቀችም። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

እንድታስተምረኝ ለመንኳት፤ አስተማረችኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ኔትወርክ ማለት ማሽኖች የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ የሆነ፣ ሌላ የማይጋራው ቁጥር አለው፤ አድራሻው ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉት የማሽኖች ኬብል ሁሉ አንድ ሳጥን ላይ ይሰበሰባል፤ ስዊች ይባላል። የእኔ ኮፍያ መስቀያ ማለት እሱ ነው። የግቢ ተላላኪ በሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ ወረቀቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ከግቢ ወጥቶ ሌላ ከተማ የሚሄደውን ደግሞ ራውተር የሚባለው ይቀበልና መንገድ ይመርጥለታል። በሩ ላይ ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ አለ፤ ይሄ ይግባ፣ ይሄ አይግባ ይላል።

"አንገቴ ላይ ካርድ ያንጠለጠለው ነው?" አልኳት። አሁን ሳቀች።

ትልቅ ድርጅት ውስጥ ዋናው ሥራ መለያየት ነው አለችኝ። ሂሳብ ክፍልና መጋዘን በአንድ ኬብል ቢሄዱም መሐላቸው ግድግዳ አለ፣ አንዱ የሌላውን አይሰማም። የእንግዳ ዋይፋይ ጭራሽ ሌላ ግቢ ነው። ሁሉም ነገር ደግሞ ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲቀጥል። እኛ ጋ ትርፍ የምንለው ነገር ቢኖር እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባን። ሰላም የሆሳዕናን መስመር መዝገብ ከሚያዝያ ጀምሮ ዘረጋችው። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚመዘግበው፤ መስመሩ መቼ እንደወደቀ፣ መቼ እንደተነሳ። አማረች "አይሄድልኝም" ባለችባቸው ቀናት ሁሉ መስመሩ ደህና ነበር። ሌሎቹ የቅርንጫፋችን ኮምፒውተሮችም ይሠሩ ነበር። ዝም የሚለው የእሷ ብቻ ነው።

ኮሚቴውን የሚመሩት አቶ በላይነህ ይህን ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ግን እንዲህ አሉኝ፦ "አቶ ታምራት፣ መንገዱ ጤነኛ ነው። ደግሞ ትናንት ከሰዓት የላከችው በሙሉ በደቂቃ ገብቷል። ኮሚቴው ሲቀርብ ሥራ ተቻለ ማለት ነው?"

  ልረዳት ሄጄ አንገቷ ላይ ገመድ የማጠብቅ መሰለኝ።

ረቡዕ

ሰላም ወደ እንጦጦ ልትወጣ ነበር። እዚያ ላይ የድርጅቱ ምሰሶ አለ። ዋናው መሥሪያ ቤትና የሲ.ኤም.ሲ መጋዘን መሬት ለመሬት በኬብል ተገናኝተዋል፤ ኬብሉን ቆፋሪ ቢበጥሰው ግን በአየር የሚተካ መጠባበቂያ አለ። አንድ ዲሽ ከመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ወደ ተራራው ያያል፣ ከተራራው ሌላ ዲሽ ወደ መጋዘኑ ያያል። መተያየት አለባቸው፤ መሐል አንድ ቅርንጫፍ ከገባ ይኮራረፋሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ጥፋተኛው ባሕር ዛፍ ሆኖ ቢገኝ ኮሚቴው እሱን ያባርራል። እኔም ልምጣ አልኩ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ መኪናው ማቃሰት ሲጀምር እኔም አብሬ አቃሰትኩ። ጠዋት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወደ ራጉኤል የሚወጡ ምእመናን ነጠላቸውን ተከናንበው በእግራቸው ያልፉናል፣ አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ አንዳቸውም አያለከልኩም። ከመኪናው ወርደን ወደ ምሰሶው የሚወስደውን አጭር መንገድ በእግር ጀመርን። እኔ የለበስኩት ለኮሚቴ የገዛሁትን ቆዳ ጫማ ነው። ጤዛ ያረፈበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ እንደ ሳሙና ነው የሄደልኝ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁና ሰላምን፣ እኔ መጠባበቂያ ነኝ፣ ዋናው ይሂድ አልኳት።

የምሰሶው ጠባቂ ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ። ወርደው አነሱኝ፣ የራሳቸውን የፕላስቲክ ቦቲ አውልቀው አለበሱኝ፣ እሳቸው በሸበጥ ሄዱ። እምቢ ብል፣ እኔ መሬቱን አውቀዋለሁ፣ እርስዎን ግን መሬቱ አያውቅዎትም አሉኝ። ጎጇቸው ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የገብስ ቆሎ አቀረቡልን። ሰላም ጾመኛ ናት፣ እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ቆሎ ግን ማንንም አያስቀይምም። ሆሳዕና ቢሆን አተካና የሚባለው የቡላና የቅቤ ምግባችን ቀርቦልኝ ተኝቼ ነበር የምውለው፣ ስለዚህ ቆሎው ለሥራ ይሻላል።

ዛፉ አለ። እውነትም አድጎ አንዱ ቅርንጫፉ በዲሹ ፊት ይወዛወዛል። ጋሽ ወርዶፋ በመጥረቢያ ሲያወርዱት ጨበጨብኩ። ሰላም ላፕቶፗን ከፍታ አየችና አንገቷን ነቀነቀች። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መጠባበቂያው ተቆራርጧል፣ ያን ጊዜ ግን ዋናው ኬብል አልወደቀም፣ አንድም ትእዛዝ በዚህ ምክንያት አልጠፋም። ደግሞ ዛፉ ቢሆን ኖሮ የሁሉም ቅርንጫፍ ትእዛዝ ይጠፋ ነበር፣ የአማረች ብቻ አይደለም።

ስንመለስ የየካን ጣሪያዎች፣ ከዚያ ወዲያ ሲ.ኤም.ሲን ከላይ አየኋቸው። ያምራል ይላሉ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ ከሁለት ቀን ሌላ የለኝም። ማታ አማረች ደወለች። ዛሬም በደንብ እየሄደላት እንደሆነ ነገረችኝ፣ ድምጿ ተስፋ ነበረው። መሄዱ እንደሚጎዳት ልነግራት አልደፈርኩም።

ሐሙስ

የሲ.ኤም.ሲውን መጋዘን ለማየት ከመገናኛ በባቡሩ ሄድን። ቆሜ ነው የሄድኩት፣ የሰው ብብት ሥር። ወርደን ትንሽ ስንራመድ ቪላዎቹን እያየሁ፣ እዚህ ሰፈር ቁጥሩም እንደ ቤቱ ቀጥ ያለ ይሆን ብዬ ቀናሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ትእዛዝ የሚገባበት ስክሪን አለ። ሰላም የሆሳዕናን ለብቻ አወጣችው። ከሚያዝያ እስካለፈው ዓርብ፦ ጠዋት ጠዋት ይገባል፣ ከምሳ በኋላ ይቆራረጣል። ከሰኞ እስከ ትናንት፦ ጠዋትም ከሰዓትም ቀጥ ብሎ ይገባል። የመጋዘኑ ሰዎች በዚህ ሳምንት ልጅቷ ነቃች አሉ። ሰላም ግን አገጯን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሽ ታምራት፣ ሰው እንዲህ ባንዴ አይለወጥም። ማሽን ነው እንዲህ የሚለወጠው። በዚህ ሳምንት እናንተ ቢሮ ውስጥ ምን ተለወጠ?"

ምንም አልኳት። ኮምፒውተሩ ያው፣ ኬብሉ ያው፣ ሰዉ ያው።

"ያው ነው?"

"ያው ነው። እኔ ብቻ ነኝ የሌለሁት።"

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ሰላምም ሰማችኝ። እርስዎ ከሰዓት ከሰዓት ምን ይሠራሉ ብላ ጠየቀችኝ።

ከሰዓት ማተሚያውን አበራለሁ። ሚያዝያ ላይ አዲስ የመጣልን ትልቅ ማተሚያ አለ። የእኔ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ሻሽ አልብሼዋለሁ። የቅርንጫፉ ደብዳቤ ጠዋት ይጠራቀማል፣ ከምሳ በኋላ እኔ አብርቼ አትማለሁ። የእድራችን የስብሰባ ጥሪም በዚያው ይወጣል። አንዳንዴ ያትማል፣ አንዳንዴ ይኮርፋል፣ አጥፍቼ አበራዋለሁ።

"ሲመጣ ቁጥር የሰጠው ማነው?"

እኔ ነኝ። ማተሚያው ሲተከል አድራሻ ጠየቀኝ። ከየት ላምጣለት? አማረች ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። የእሷ ስክሪን ጠርዝ ላይ የኮምፒውተሯ ቁጥር ተለጥፏል። በአንድ ጠረጴዛ የሚኖሩ ከሆነ በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸው ብዬ እሱኑ ገለበጥኩለት። ተቀበለኝ። ባለሙያ ሳይጠራ ተከለው ተብዬ ተጨብጭቦልኛል።

ሰላም ዓይኗን ጨፈነች። ማብራራት እንኳ አላስፈለጋትም፣ ሰኞ ማታ የወይዘሮ የሺን ሻይ ጠጥቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። የአማረች ትእዛዝ እንዲገባ ከአዲስ አበባ መልስ ሊደርሳት ይገባል፤ መልሱ ሆሳዕና ደርሶ ቁጥሩን ይጣራል፤ ሁለት አቤት የሚል አለ፤ ማተሚያው ከቀደመ ማተሚያው ይቀበላል። ማተሚያ ደግሞ ስለ መድኃኒት ትእዛዝ ምን ያውቃል? ይጥለዋል። እሱ ሲጠፋ ግን ቤቱ የእሷ ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ አማረችን ደወልንላትና ሻሹን ገልጣ ማተሚያውን እንድታበራ አደረግን። ወዲያው ተቋረጠባት። አጥፊው አልናት፤ ተመለሰ። ደግመን ሞከርነው፣ ያው ነው። ከዚያ አማረች እንዲህ አለች፦

"ጋሼ፣ ያ ቢጫ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ እኮ። ያኔ ያሳየሁህ።"

አሳይታኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ነው። "ይሄ ምን ይላል?" ብላኝ ነበር። እኔም ሳላነብ፣ "እሱን ኦኬ በይው" አልኳት። እሷም በየቀኑ ኦኬ ስትለው ከረመች። ጽሑፉ የሚለው፣ በዚህ ኔትወርክ ላይ ያንቺን አድራሻ የያዘ ሌላ ማሽን አለ ነው።

ስመለስ በባቡሩ መቀመጫ ተገኘ፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሰላም አዘነችልኝ። ሪፖርቷ ላይ "የአድራሻ ግጭት" ብላ እንደምትጽፍ፣ የማንንም ስም መጥቀስ እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ይህች ልጅ መልአክ ናት አልኩ። ከዚያ ግን አቶ በላይነህ ታዩኝ። መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ማስጠንቀቂያው ስክሪኗ ላይ በየቀኑ እየወጣ ለምን አላሳወቀችም የሚል ነው። ስም የሌለው ሪፖርት እኔን ያድናል፣ እሷን ግን መልሶ ያንቃታል።

ታደለች ለራት ቆጮ በጎመን አቅርባ ጠበቀችኝ። ሁሉን ነገርኳት። አልቀለደችም፣ የሲስተሙ ሰውም አላለችኝም። ሸሚዜን አወጣችና መተኮስ ጀመረች።

ዓርብ

አራት ሰዓት ላይ ገባን። አምስት ሰዎች ናቸው። ሰላም ሪፖርቷን አነበበች። አቶ በላይነህ ልክ እንዳልኩት ጠየቁ፤ ማስጠንቀቂያውን እያየች ለምን ዝም አለች?

ተነሳሁ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ አልመጣልኝም። "ዝም አላለችም። ለኮምፒውተር ተጠሪው፣ ለእኔ አሳይታለች። ሳላነብ ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ። ቁጥሩንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ ማድረግ ያለባትን አድርጋለች" አልኩ።

ብዙ አልቆየም። የአማረች ማስጠንቀቂያ ተነሳ፣ ለእኔ ተጻፈ። ከዛሬ ጀምሮ ቅርንጫፎች ለማንኛውም ማሽን በራሳቸው ቁጥር እንዳይሰጡ፣ ቁጥሩ ከሰላም ክፍል እንዲሰጥ ተወሰነ። ኮፍያዬም ከስዊቹ ላይ እንዲነሳ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ልጅቷ ጽፋው ነበር ብያችኋለሁ።

ከፎቁ ወርጄ ጥላ ያዝኩና ለአማረች ደወልኩላት። ነጻ ነሽ አልኳት፤ በማን ምክንያት እንደሆነም ነገርኳት።  አመሰግናለሁም፣ ምን አደረግኩህም አላለችም።

"ስልኩን እንዳትዘጋው" አለች። የእግሯ ድምፅ ይሰማኛል። በር ተከፈተ። "እስቲ ለገንዘብ ያዧ ድገምላት።" ደገምኩ። ሌላ በር፤ ለመጋዘን ልጆች ደገምኩ። እዚያ ነው ያመመኝ፣ አለቃቸው ነኝ። ለሥራ አስኪያጁ ደገምኩ። ደረጃ ወረደች፣ ለዘበኛው ደገምኩለት። ዘበኛው፣ "እና ማተሚያው ነው በሉኛ!" አለ። "አይ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

"በቃ" አለች አማረች። "በሰላም ግባ።"

ቅዳሜ፣ እና የቀረው

ቅዳሜ ተመለስኩ። ወይዘሮ የሺ ለመንገድ ብለው ዳቦ ልከውልኝ ነበር፤ በታደለች በኩል ነው የደረሰኝ፣ መንገድ አልሳተም። መስኮቱ በዚህኛው መኪና ይዘጋል፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሰኞ ጠዋት ሰላም በስልክ እየመራችኝ ለማተሚያው የራሱን ቁጥር ሰጠነው። አማረች ትእዛዝ እየላከች ማተሚያውን አበራሁት። ቢጫው ምልክት አልመጣም። ትእዛዙ ሄደ። ከዚያ ማስጠንቀቂያዋ መነሳቱን የሚገልጸው ደብዳቤ በኮምፒውተር ደርሷት ስለነበር፣ ሁለት አድርጌ እንዳትምላት ጠየቀችኝ። አንዱ ለማስታወቂያ ሰሌዳው እንደሆነ አውቄያለሁ፣ የድሮው ከተለጠፈበት ቦታ። ሁለተኛው ለማን ነው አልኳት።

"ለእናቴ" አለች። "እሷም ማስጠንቀቂያውን ሰምታ ነበር።"

ሁለቱም ወረቀት እስኪወጣ ማተሚያው አጠገብ ቆምኩ።